ታይትል ካምፓኒን እስከ ምን ድረስ እንመን?

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው የክሎዚንግን ቀን አይረሳም። ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል፣ የወረቀት ክምር ይቀርብለታል፣ በተነገረው ቦታ ሁሉ ይፈርማል፣ ቁልፉን ይዞ ይወጣል። ቢሮው የታይትል ካምፓኒ ነው። ለዓመታት ሁለት ሥራ እየተሠራ የተጠራቀመው ቅድሚያ ክፍያ ያለፈው በዚህ ድርጅት ሒሳብ ነው። ቤቱ ከዕዳና ከክርክር ነጻ መሆኑን የመረመረው እሱ ነው። በወጪ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር የሚበልጠውን ኢንሹራንስ የሸጠውም እሱው ነው። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱን ከዚያ ቀን በፊት አይቶት አያውቅም፤ የመረጠለትም ሌላ ሰው ነው።

«ታይትል ካምፓኒ ይታመናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በወገኖቻችን መካከል ሲነሳ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ግዴታ ነው፣ ከፍለህ ግባ» ይላል። ሌላው «ገንዘብ መብያ ነው፣ ኢንሹራንሱን እንዳትገዛ» ይላል። ሁለቱም ነገሩን በጅምላ ያዩታል። ድርጅቱ ሦስት የተለያየ ሥራ ይሠራል፤ የቤቱን የባለቤትነት ታሪክ ይመረምራል፣ ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ ገንዘብ በአደራ ይይዛል። ምርመራውን በመጠኑ ማመን ይቻላል። ኢንሹራንሱ ዋጋው የተጋነነ ቢሆንም መግዛቱ ይበጃል። በገንዘቡ ጉዳይ ግን ሳያረጋግጡ ማንንም ማመን አይገባም። ይህን የምልበትን ምክንያት ከመሠረቱ ላስረዳ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ካርታ አለው ወይ?» ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለይዞታው ማን እንደሆነ የሚመሰክረውን ካርታ የሚሰጠውም አስተዳደሩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ስለሚያዝ ገዢና ሻጭ ውልና ማስረጃ ይሄዳሉ፤ ዕዳና እገዳም ይጣራል። ፎርጅድ ካርታ የለም፣ ክርክር የለም ማለት አይደለም። ቢሆንም ስለ ባለይዞታው የሚጠየቀው አካል ይታወቃል።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ካርታ የለም። በአብዛኛው ግዛት የመንግሥት መዝገብ ቤት ሥራው የቀረበለትን ሰነድ ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው፤ «ባለቤቱ እገሌ ነው» ብሎ አያረጋግጥም። በሜሪላንድ መዝገቡን የሚይዘው የየካውንቲው ሰርኪት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ሪኮርደር ኦፍ ዲድስ የሚባል ቢሮ አለ፤ ከባርነት አምልጦ የነጻነት ታጋይ የሆነው ፍሬደሪክ ዳግላስ ከ1881 እስከ 1886 የመራው ቢሮ ነው። (ከኢትዮጵያ ሕጎች በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሐሰተኛ ፊርማ ያረፈበት ዲድም (የባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ) ቅርጹ እስከተሟላ ድረስ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑን ለማወቅ ለእሱ ማን ሸጠለት፣ ለዚያኛውስ ማን ሸጠለት እያሉ አሥርት ዓመታት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። መሐል ላይ አንድ ሽያጭ የተበላሸ ከሆነ ጉዳቱ የሚያርፈው ዛሬ ቤቱ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ነው።

ሌላ መንገድ ነበረ። ደቡብ አውስትራሊያ በ1858 በሮበርት ቶረንስ አነሳሽነት መዝገቡ ራሱ የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲሆን ደነገገች። የቶረንስ አሠራር በብዙ አገር ተስፋፋ። አሜሪካ ውስጥ ግን ማሳቹሴትስን፣ ሚኒሶታንና ሃዋይን በመሳሰሉ ጥቂት ግዛቶች ከተለመደው መዝገብ ጎን ለጎን ቀረ፤ ቺካጎ የምትገኝበት ኩክ ካውንቲም ሞክሮት ተወው። ክፍተቱን የሞላው የግል ኢንሹራንስ ሆነ።

የኢንሹራንሱ መነሻ ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ገዢ የደረሰ ጉዳት ነው። ዋትሰን የሚባል ገዢ ሙርሄድ የሚባል የንብረት ውል አዘጋጅ ይቀጥራል። ሙርሄድ መዝገቡን ሲመረምር በሻጩ ላይ የፍርድ ዕዳ ያገኛል፤ የሕግ ባለሙያ ቢያማክር «ይህ ቤቱን አይነካም» ይባላል፤ ዋትሰንም ይገዛል። ዕዳው ግን ቤቱን የሚነካ ሆኖ ተገኘና ገዢው ከሰረ። ሙርሄድን ቢከስስ የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1868 ባለሙያው በተገቢው ጥንቃቄ ስለሠራ አይጠየቅም ብሎ ወሰነ። ጥፋተኛ የለም፣ ኪሳራው ግን የገዢው ሆኖ ቀረ። ግዛቲቱ በ1874 ሕግ አወጣች፤ በ1876 የመጀመሪያው የታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ እዚያው ፊላደልፊያ ተቋቋመ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ በፖሊሲው የተሸፈነ ጉዳት ከደረሰ ይከፈላል።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ታይትል ካምፓኒው ያልተከፈለ የቤት ግብር፣ የውሃ ክፍያ ወይም የማኅበር መዋጮ ይፈልጋል። ጣሪያ ሠርቶ ገንዘቡን ያልተቀበለ ኮንትራክተር ያስመዘገበው ዕዳ፣ የፍርድ ቤት ዕዳ፣ የልጅ ማሳደጊያ ውዝፍ ካለ ያጣራል። ተከፍሎ አልቆ ሳለ መዝገብ ላይ ያልተሰረዘ የባንክ ብድር ብዙ ጊዜ ይገኛል። በፍቺ የተለየች ሚስት ወይም ሳይፈርም የቀረ ወራሽ ሲገኝ ደግሞ ሽያጩ ይቆማል። ይህ ሥራ ጠቃሚ ነው። እንከኖች የሚስተካከሉት ከክሎዚንግ በፊት ነውና ብዙ ገዢ ችግር እንደነበረ እንኳ ሳያውቅ ያልፋል።

እኛን ለይቶ የሚመለከት ነገር እዚህ ላይ አለ። የመዝገቡ ፍለጋ በስም ነው። በአገራችን ልማድ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያገለግል፣ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች ይገኛሉ። አንዱ የብድር ካርድ ዕዳ ተፈርዶበት ከሆነ ሌላው ቤት ሊሸጥ ሲል ዕዳው በእሱ ላይ ይወጣል። መፍትሔው «ያ ሰው እኔ አይደለሁም» የሚል የቃለ መሐላ ሰነድ ነው፤ ታይትል ካምፓኒው ያዘጋጀዋል፣ ባለጉዳዩ ይፈርማል። ከዚህ የባሰው የስም አጻጻፍ መለያየት ነው። በግሪን ካርዱ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በዲዱ በሌላ የተጻፈ ስም ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ያከራክራል። ዲዱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ከመፈረም በፊት እዩ፤ ስትፈርሙ ማስተካከል በደቂቃ ያልቃል፣ ኋላ ግን ጠበቃ ይጠይቃል።

የምርመራው ውጤት ኮሚትመንት በሚባል ሰነድ ከክሎዚንግ በፊት ይደርሳል። ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ክፍሎቹ ሁሉ እኩል አያስፈልጉም፤ ሼጁል ቢ የሚባለውን ክፍል ብቻ እንኳ አንብቡ። ኩባንያው «ለእነዚህ አልከፍልም» ብሎ ያስቀረው ሁሉ የተዘረዘረው እዚያ ነው። ጎረቤት በግቢያችሁ የመተላለፍ መብት ካለው፣ የመብራት ድርጅቱ ከጓሮ መሥመር ካሳለፈ፣ የአጥሩ ድንበር በቀያሽ ካልተለካ የሚገለጠው በዚህ ክፍል ነው።

አሁን ኢንሹራንሱ። ሁለት ፖሊሲ አለ፤ የብዙ ሰው ስሕተትም የሚመጣው ከዚህ ነው። አንደኛው የአበዳሪው ፖሊሲ ነው፤ ባንኩ ግዴታ ያደርገዋል፣ በአካባቢያችን የሚከፍለው ገዢው ነው፣ የሚጠብቀው ግን ባንኩን ብቻ ነው። ቤቱ በፍርድ ቢወሰድ ባንኩ ቀሪ ብድሩን ያገኛል፤ የእናንተ ቅድሚያ ክፍያና የዓመታት ክፍያችሁ ይቀራል። ሁለተኛው የባለቤቱ ፖሊሲ ነው፤ በፈቃደኝነት የሚገዛ ነው፣ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፣ እናንተ ወይም ወራሾቻችሁ ቤቱን እስከያዛችሁ ድረስ ይቆያል። ወጪ ለመቀነስ ብሎ ይህን የሚሰርዝ ገዢ የባንኩን ደኅንነት ከፍሎ የራሱን ይተዋል። ሁለቱን በአንድ ላይ ሲገዙ ዋጋው ስለሚቀንስ የባለቤቱን ፖሊሲ በመተው የሚተርፈው ገንዘብ ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

የባለቤቱ ፖሊሲ ቤቱን ከመግዛታችሁ በፊት የተፈጠረን ነገር ይሸፍናል፤ ሐሰተኛ ፊርማ ያለበት ዲድ፣ ያልታወቀ ወራሽ፣ ምርመራው ያመለጠው ዕዳ። ትልቁ ጥቅሙ ግን የጥብቅና ወጪ ነው። በተሸፈነ ጉዳይ ሰው ቢከስሳችሁ ኩባንያው ጠበቃ ቀጥሮ ይከራከራል፤ ክሱ ከንቱ ቢሆን እንኳ ለመርታት ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃልና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የማይሸፍነው ደግሞ አለ። እያወቃችሁ የገባችሁበት ችግር፣ ከገዛችሁ በኋላ ራሳችሁ ያመጣችሁት ዕዳ፣ የከተማው የግንባታ ደንብ፣ በሼጁል ቢ የተቀመጡት ሁሉ አይከፈሉም። መደበኛው ፖሊሲ የሚከፍለው ከመግዣው ዋጋ አይበልጥም። «ሆምኦነርስ ፖሊሲ» የሚባለው የሰፋው ዓይነት ከግዢ በኋላ የሚደረግ የሐሰት ዲድን ጭምር ይሸፍናል፤ የሽፋኑ መጠንም በየዓመቱ 10 በመቶ እያደገ በአምስት ዓመት እስከ 150 በመቶ ይደርሳል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቤት እየተወደደ ባለበት አካባቢ ግን ልዩነቱ ቢከፈል አያስቆጭም።

ዋጋው ላይ ያለው ቅሬታ ትክክለኛ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት ተቋም በ2007 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው በሌላው የንብረትና የአደጋ ኢንሹራንስ ከሚሰበሰበው አረቦን 73 በመቶ ያህሉ ለጉዳት ሲውል፣ በታይትል ኢንሹራንስ ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። 70 በመቶ ያህሉ ደግሞ ለወኪሎች፣ ማለትም ለታይትል ካምፓኒዎቹ፣ ይሄድ ነበር። ኢንዱስትሪው «ገንዘቡን የምናወጣው ጉዳት እንዳይደርስ በመከላከል ነው» ይላል፤ ምርመራው ሰው የሚሠራው ሥራ በመሆኑ እውነትነት አለው። ነገር ግን ዋጋውን አያስረዳም። መዝገቦች ኮምፒውተር ውስጥ ገብተዋል፤ አንድ ቤት ከሦስት ዓመት በፊት ተመርምሮ እንደገና ሲመረመር አብዛኛው ሥራ አልቋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሪኢሹ ዋጋ የሚባል ቅናሽ በብዙ ቦታ አለ፤ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ የጠየቀ ሰው ነው። ሻጩ የቀድሞ ፖሊሲው ካለው ቅጂ ለምኑ።

ዋጋው የማይወርድበት ዋናው ምክንያት የምርጫው አካሄድ ነው። የሚከፍለው ገዢው ነው፤ የሚመርጠው ግን ኤጀንቱ ወይም ሎን ኦፊሰሩ ነው። ስለዚህ ታይትል ካምፓኒዎች የሚወዳደሩት ኤጀንቶችንና ሎን ኦፊሰሮችን ለማስደሰት ነው። የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮና የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በጃንዋሪ 2015 ይፋ ያደረጉት ጉዳይ እዚሁ ጎረቤታችን የሆነ ነው። ጄንዊን ታይትል የተባለ የሜሪላንድ ድርጅት ደንበኛ ለሚልኩለት የባንክ ሎን ኦፊሰሮች ገንዘብና የማስታወቂያ አገልግሎት ይሰጥ እንደነበር ተገለጸ። ዌልስ ፋርጎ 24 ሚሊዮን ዶላር፣ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ 600 ሺህ ዶላር ቅጣት እንዲከፍሉ ተወሰነ፤ ለተጎዱ ደንበኞችም ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመለስ ተደረገ። ድርጊቱ ሬስፓ በሚባለው የ1974 ሕግ የተከለከለ ነው። ያው ሕግ ሻጭ ገዢውን «ከዚህ ታይትል ካምፓኒ ካልገዛህ አልሸጥልህም» እንዳይል ይከለክላል፤ እንዲህ ያለ ሻጭ ለኢንሹራንሱ የተከፈለውን ሦስት እጥፍ ለገዢው ይከፍላል።

አዲስ ቤት የሚሠሩ ኩባንያዎች በዚህ በኩል ዘዴ አላቸው። «በእኛ ታይትልና በእኛ አበዳሪ ከገባህ የክሎዚንግ ወጪህን እንረዳለን» ይላሉ። ማስገደድ ስላልሆነ ይፈቀዳል፤ እርዳታው ትልቅ ከሆነ መቀበሉም ያዋጣ ይሆናል። መታየት ያለበት ጠቅላላ ድምሩ ነው፤ እርዳታው በወለድ ላይ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። አዲስ ቤት ሲገዛ ደግሞ ያልተከፈለ ሠራተኛ ወይም ዕቃ አቅራቢ የሚያስመዘግበው ዕዳ መሸፈኑን መጠየቅ የግድ ነው።

በአዮዋ ታሪኩ ሌላ ነው። ግዛቲቱ ታይትል ኢንሹራንስ በውስጧ እንዳይሸጥ በ1947 ከለከለች፤ በ1985 የመንግሥት የዋስትና ተቋም መሠረተች። ጠበቃ መዝገቡን ይመረምራል፣ ዋስትናውን ተቋሙ ይሰጣል፣ ሕዝቡም በአብዛኛው ከሌላው ግዛት ያነሰ ይከፍላል። በማርች 2024 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት በአንዳንድ የሪፋይናንስ ብድሮች ላይ የባንኩ ፖሊሲ እንዲቀር የሚሞክር ፕሮግራም ይፋ አድርጎ ኢንዱስትሪው አጥብቆ ተቃወመው። አሁን ያለው ዋጋ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን አዮዋ ታሳያለች። ቤት የሚገዙና በምርጫ ድምፅ የሚሰጡ ወገኖች እየበዙ ነውና ለየግዛታቸው ተወካይ ይህን ማንሳት ይገባቸዋል።

ገንዘቡ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። ሌቦች የኤጀንቱን ወይም የታይትል ካምፓኒውን ኢሜይል ሰብረው ይገቡና የመልእክት ልውውጡን እያነበቡ ይጠብቃሉ። ክሎዚንጉ ሲቀርብ በትክክለኛው ስም፣ በትክክለኛው የቤት ቁጥር፣ በትክክለኛው የገንዘብ መጠን «የዋየር መመሪያው ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ይልካሉ። ገዢው ይልካል። ገንዘቡ በሰዓታት ውስጥ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተዛውሮ ይጠፋል። ለኤፍቢአይ በ2023 ሪፖርት የተደረገው የዚህ ዓይነቱ የኢሜይል ማጭበርበር ኪሳራ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የቤት ግዢ ከዋና ዋና ዒላማዎቹ አንዱ ነው። ታይትል ኢንሹራንስ ይህን አይሸፍንም። ወደ ተሳሳተው ሒሳብ የላካችሁት እናንተው ናችሁ ይባላል።

መከላከያው ቀላል ነው፣ ግን ያለማወላወል መደረግ አለበት። የታይትል ካምፓኒውን ስልክ መጀመሪያ ላይ ከራሱ ቢሮ ውሰዱ፤ ዋየር ከማድረጋችሁ በፊት በዚያ ቁጥር ደውላችሁ የሒሳብ ቁጥሩን በቃል አስነብቡ። በኢሜይሉ ግርጌ ባለው ቁጥር አትደውሉ። ተቀየረ የሚል መልእክት ከመጣ ሌብነት ነው ብላችሁ ተነሱ። ከተላከ በኋላ የተጠራጠረ ሰው እስከ ነገ መጠበቅ የለበትም፤ ያኔውኑ ለባንኩ ይደውል፣ ለኤፍቢአይም ያመልክት። ገንዘብ የመመለሱ ዕድል ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ሌባው ከውስጥ ሲሆንስ? የአደራ ገንዘብ የበሉ ወኪሎች ነበሩ። ለዚህ ክሎዚንግ ፕሮቴክሽን ሌተር የሚባል ደብዳቤ አለ፤ ከወኪሉ ጀርባ ያለው ትልቁ ኢንሹራንስ ኩባንያ ወኪሉ ገንዘቡን ቢያጠፋ እከፍላለሁ የሚልበት ነው። ባንኩ ሁልጊዜ ይጠይቀዋል ማለት ይቻላል፤ ገዢ ግን አይጠይቅም። በእናንተ ስም ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። የድርጅት ትልቅነት ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው ላንድአሜሪካ በኖቬምበር 2008 ሲከስር የኢንሹራንስ ፖሊሲዎቹ ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛውረው ጸኑ፤ በሌላው ክፍሉ በኩል ለንብረት ልውውጥ ገንዘብ ያስቀመጡ ደንበኞች ግን ገንዘባቸው ታግዶ ተንገላቱ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ፊደሊቲ ናሽናልና ፈርስት አሜሪካን በአንድ ወር ልዩነት በሳይበር ጥቃት ሲመቱ ክሎዚንጎች ተጓተቱ።

ቴሌቪዥንና ራዲዮ ላይ «የቤትዎን ታይትል ሌባ እንዳይሰርቅ እንጠብቃለን» እያሉ በየወሩ የሚያስከፍሉም አሉ። የሚያደርጉት በስማችሁ ሰነድ ሲመዘገብ ማሳወቅ ነው። ብዙ ካውንቲዎች ይህን በነጻ በኢሜይል ያደርጉታል፤ መዝገብ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ተመዝገቡ።

ታይትል ካምፓኒው ሊወስንላችሁ የማይገባ ነገር አንድ አለ፤ ዲዱ በማን ስም፣ በምን ዓይነት የጋራ ባለቤትነት ይጻፍ የሚለው ነው። የድርጅቱ ጸሐፊ በደቂቃ ጠይቃ ታልፈዋለች። ባልና ሚስት በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ቴናንሲ ባይ ዘ ኢንታየርቲ በሚባለው ቢይዙ አንዱ ሲሞት ሌላው ሙሉውን ይወስዳል፤ የአንዳቸው የግል አበዳሪም ቤቱን በቀላሉ አይነካውም። ወንድምና እህት ወይም ሁለት ጓደኛሞች በጋራ ሲገዙ ግን ሌላ ነው። ዲዱ የመተካት መብትን በግልጽ ካልጠቀሰ ሕጉ እንደ የተለያየ ድርሻ ይቆጥረዋል። አንዱ ቢሞት ድርሻው ለወራሾቹ ያልፋል፤ ወራሾቹ ደሴ ወይም ጎንደር ያሉ ወላጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ቤቱን ለመሸጥ የእነሱ ውክልና፣ የውርስ ፍርድ፣ የሰነድ ትርጉም ይመጣል። ያለ ጠብ አብረው የኖሩ ቤተሰቦች በዚህ ተለያይተዋል። የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ ይህን ያስቀራል። ቤት ከተገዛ በኋላ ወንድምን ወይም ልጅን በክዊትክሌም ዲድ (ያለ ዋስትና ድርሻ በሚያስተላልፍ ሰነድ) ማስገባት ደግሞ የኢንሹራንሱን ጥበቃ ሊያጠብ ወይም ሊያቋርጥ ይችላልና ከማድረጋችሁ በፊት ኩባንያውን ጠይቁ።

ኤጀንታችን ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ ያዝንልናል። ለእሱ ክብር መስጠትና በራስ ገንዘብ ላይ መጠየቅ ግን አብረው ይሄዳሉ። «ጋሼ፣ ከዚህ ታይትል ካምፓኒ ጋር የጥቅም ግንኙነት አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ድርሻ ካለው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሕጉ ራሱ ያዘዋል። ጥሩ ኤጀንት አይከፋውም። ቨርጂኒያም ክሎዚንግ የሚያደርገውን ወኪል የመምረጥ መብት የገዢው መሆኑን በሕግ ደንግጋለች። ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የሚባለው የወጪ ሰነድ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ቢያንስ ከሦስት የሥራ ቀናት በፊት እንዲደርሳችሁ ግዴታ ነው። እነዚያን ቀናት ተጠቀሙባቸው፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁን ሳይሆን ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አስነብቡ።

እንግዲህ ለገዢው ያለኝ ቃል ይህ ነው። የግዢ ውሉ ላይ የታይትል ካምፓኒው ስም ከመጻፉ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ድርጅት ደውላችሁ ዋጋ ጠይቁ፤ በአንዳንድ ግዛት አረቦኑ በመንግሥት የተተመነ ቢሆንም የአገልግሎት ክፍያው ይለያያል። የባለቤቱን ፖሊሲ ግዙ። ፖሊሲው በክሎዚንጉ ዕለት አይሰጥም፤ ዲዱ ከተመዘገበ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይላካል። በሁለት ወር ውስጥ ካልደረሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሲደርሳችሁም ከዲዱ ጋር አስቀምጡት፣ የት እንዳለም ለቤተሰባችሁ ንገሩ።